ቦይ ዳር የጣለኝ ትኩሳት

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገርና ልገላገል፤ ወተት ጠላቴ አይደለም። ላም ያላቸው ሰዎች ይህን አንብበው እንዳይቀየሙኝ ነው። እኔ የምጽፈው ብስክሌት ለሚነዱ፣ ለሚሮጡ፣ ኳስ ለሚጫወቱ ልጆችና "ትንሽ ጉልበት ይሁንሽ" እያሉ ጣሳ ለሚያቀብሉ እናቶች ነው። ሰባት ወር ታምሜያለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የታከምኩት ደግሞ በሌለብኝ በሽታ ነው።

ስሜ ሰዓዳ ነው። እናትና አባቴ ከወሎ መጥተው መቀሌ የቀሩ ናቸው፤ እናቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፣ አባቴ አይሱዙ ይነዳል። እኔ እዚሁ ሓወልቲ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፣ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም፣ ብዙም አላለቀስኩም። ቁጭ ብሎ መማር ድሮም አይሆንልኝም። ብስክሌት ነበረኝ። የኔ እንኳ አይደለም፣ የክለቡ ነው፤ ሁለት ወር ልምምድ ያልወጣች ልጅ ትመልስና ተራ ለምትጠብቀው ይሰጣል። ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ የኛ ክለብ ልጅ አመመኝ አትልም።

አባቴ ብስክሌቱን አይወደውም። "መንገዱን አውቀዋለሁ" ይላል። "ከሚያስፈሩት አንዱ እኔ ነኝ።"

ማክሰኞና ቅዳሜ ረጅሙ ልምምድ ነው። ከከተማ ዳገቱን ወጥተን፣ በዓይናለም በኩል አድርገን ሜዳውን እንይዛለን። መዞሪያችን ላይ የአደይ ምሕረት ቤት አለ። አደይ ማለት በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው። ላሞች አሏቸው፤ ገና ከላሟ የወረደ፣ አረፋው ያልጠፋ ወተት በጣሳ ይሰጡናል። ይህ ልማድ ከኛ በፊት የነበረ ነው፤ አሰልጣኝ ኪሮስም በወጣትነታቸው እዚያው ይጠጡ ነበር። አንዷ ልጅ "ቢፈላስ?" ያለች ቀን ፊታቸውን አኮማትረው፣ "የፈላ ወተት ለአራስ ነው" አሏት።

ነገሩ የተበላሸው በዐቢይ ጾም ነው። ጓደኞቼ በሙሉ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሃምሳ አምስት ቀን ወተት ወደ አፋቸው አይደርስም። ሙስሊሟ እኔ ብቻ ነኝ። አደይ ምሕረት ግን ጾም ነው ብለው ላሟን ሳያልቡ አያድሩ፣ ሰው ደግሞ አፉን ሳያረጥብ አይሸኙ። "ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ይህን ሁሉ ማን ይጠጣው ነበር?" እያሉ ይቀዱልኛል። የስድስት ሰው ወተት ለአንድ ሆድ። ከሁሉም የምቀርባት፣ ለተብርሃን የምትባለው ጓደኛዬ፣ ከንፈሯ ደርቆ ቆማ እያየችኝ፣ "ጠጪ፣ ጠጪ፣ ዳገቱ ላይ እንገናኛለን" ትለኛለች። አንገናኝም ነበር። ጥያት እሄዳለሁ።

ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ጀመረኝ። ጠዋት ምንም የለኝም፤ ዘልዬ ተነስቼ እወጣለሁ። ከቀትር በኋላ ሰዓቱን እንደሚያከብር ሠራተኛ ይገባል፣ ሌሊት በላብ ይወጣል። አንሶላዬ ተጨምቆ የሚሰጣ ሆነ። ከዚያ የግራ ዳሌዬ ተከተለ። ኮርቻ ላይ ስቀመጥ ምስማር፣ ስነሳ ምስማር።

ለምን አልተናገርኩም? በዚያው ሰሞን ክለባችን ከአንድ የጣሊያን አገር የብስክሌት ማኅበር ጋር ባለው ወዳጅነት ሁለት ሴቶች ለአንድ ወር ልምምድ ይሄዳሉ ተብሎ፣ እኔና ለተብርሃን ተመርጠን ስለነበር ነዋ። አመመኝ ብል ሦስተኛዋ ቦርሳዋን አዘጋጅታለች። በድብቅ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ተባልኩ። እኛ ሰፈር ትኩሳት ይዞት ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው ስለማላውቅ አልደነቀኝም። የአሥር ቀን ኪኒን ዋጥኩ፣ ትኩሳቱ ጋብ አለ፣ "ዳንኩ" ብዬ ሰኔ ላይ አውሮፕላን ወጣሁ።

ስለዚያ አገር በደንብ ልንገራችሁ፤ በሽታዬ ራሱን ያጋለጠው በመልክዓ ምድሩ ነውና።

ያረፍንባት ከተማ ትንሽ ናት፤ በሰሜን ጣሊያን፣ ፖ የሚባል ትልቅ ወንዝ ካለበት ወገን። ተራራ ፍለጋ ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ የለም። ምድሩ እንደ ጠረጴዛ ነው። እርሻውን የሚያጠጡ ቦዮች በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ በቦዩ አፋፍ ላይ ደግሞ ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ የተሠራ አስፋልት አለ። መግቢያው ላይ መኪና እንዳያልፍ ብረት ተተክሏል። ያስተናገደችን ሲኞራ ሊና ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ እግሯ ግን እንደ ወይራ የጠነከረ ሴት ናት። ብረቱን ነካ ነካ አድርጋ፣ "ማኪና፣ ባስታ!" አለችን፤ መኪና በቃ ማለቷ ነው። አስተርጓሚ አላስፈለገንም። መቀሌ ያደገ ሰው ማኪናንም ባስታንም ያውቃል።

የመጀመሪያ ቀን ጆሮዬ ሥራ ፈታ። እኛ አገር ስንነዳ ዓይናችን ፊት፣ ጆሯችን ኋላ ነው፤ የሲኖ ጡሩንባ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ በድንገት የሚቆም አህያ አለ። እዚህ የሚሰማኝ የካቴናዬ ድምፅና ውሃ ውስጥ ጥልቅ ብቅ የምትል ዳክዬ ብቻ ነው። እኔ ግን በየመቶ ሜትሩ ዘወር እላለሁ።

"ማን እየተከተለሽ ነው?" አለች ለተብርሃን።

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ታያለሽ?"

"ማንም አለመኖሩን።"

በቀኝ በኩል ውሃው፣ በግራ በኩል ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የሩዝና የበቆሎ ማሳ። አንዳንድ ቦታ ቦዩ ከእርሻው ከፍ ስለሚል የገበሬውን ቤት ጣሪያ ቁልቁል እያየሁ አልፍ ነበር። እግረ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ሩዙ ውስጥ ቆመው ብናልፍም አይነሱም። ያን ሳምንት የሕይወቴ ሁሉ መንገድ እንዲህ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ሜዳ ግን ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። እኛ አገር ዳገቱ ቢገድልሽ ቁልቁለቱ ነፍስ ይዘራብሻል፤ እግርሽን አቁመሽ ትተነፍሻለሽ። ሜዳ ላይ ፔዳሉን ካልመታሽ ብስክሌቱ አይሄድም። ሦስት ሰዓት ሙሉ የአንዲት ደቂቃ እረፍት የለም። በዚህ ላይ ነፋስ አለ፤ የዚያ አገር ዳገት ነፋስ ነው። መቀሌ ላይ ቁልቁለቱን ተገን አድርጌ የደበቅኩት በሽታ ሜዳው ላይ መደበቂያ አጣ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ከማኅበሩ ሴቶች ጋር ስድስት ሆነን ተሰልፈን እንነዳለን፤ ከፊት ያለችው ነፋሱን ትሰብራለች፣ ሌሎቹ ከኋላዋ ተጠልለው ይከተላሉ፣ ከዚያ ተራ ይለወጣል። ተራዬ ደርሶ ፊት ስወጣ ዳሌዬ ተቆለፈ። እግሬ የሰው እግር ሆነ። ወርጄ አፋፉ ላይ ሣሩ ውስጥ ተጋደምኩ። ፀሐዩ ይጠብሳል፣ እኔ እንቀጠቀጣለሁ። ለተብርሃን ጃኬቷን ጣለችብኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ።"

"ከፋሲካ?! አንቺ ሰው ነሽ ድንጋይ?"

መኪና የማይገባበት መንገድ ለካ አምቡላንስም አይገባበትም። ብረቱን የሚከፍተው ሰውዬ ምሳ ሄዷል። እዚያው ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸው ኋላ ላይ ትንሽ ጋሪ ነበራቸው፤ ባልዲያቸውንና መረባቸውን አውርደው እኔን ጫኑኝ። ዓሣ ዓሣ በሚሸት ጋሪ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጎተትኩ፤ ሽማግሌው እያለከለኩ በየመሐሉ ዘወር ብለው "ፒያኖ፣ ፒያኖ" ይሉኛል፣ ቀስ በቀስ እንደርሳለን ማለታቸው ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የሰው ደግነትም እንደዚያ ቀን ቀርቦኝ አያውቅም።

ሐኪሙ ከአፍሪካ መምጣቴን ሲሰማ ወባ ፈለገ፤ የለም። የሳንባ ነቀርሳ ፈለገ፤ የለም። "ድካም ነው፣ እረፍት" ተባለ። የመጨረሻው እሑድ የወሩ ትልቅ ቀን ነበር። ቦዩን ተከትሎ ከወንዙ እስኪገናኝ ድረስ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ሰባ መመለስ። ለተብርሃን ሄደች። እኔ መስኮት ላይ ዋልኩ። ፊቷ ተጠብሶ ስትመለስ "እንዴት ነበር?" አልኳት። "ይሰለቻል" አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ ዓይኗ ያበራ ነበር። እንደዚያ ስለዋሸችኝ እስከዛሬ እወዳታለሁ።

መቀሌ ስመለስ ክሊኒክና ወተት ጠበቁኝ።

አንዱ ነርቭ ነው አለ፣ አንዱ ኩላሊት፣ አንዱ ቁርጥማት። ወረቀቴ አንድ ፌስታል ሞላ። በየደረስኩበት የምጠየቀው "የት ጋ ነው የሚያምሽ?" ብቻ ነው፤ ደም፣ ሽንት፣ ራጅ፣ ኪኒን፣ ደህና ሁኚ። እማ ደግሞ በየሳምንቱ አደይ ምሕረት ዘንድ ሰው ልካ ወተቱን በጀሪካን ታስመጣለች። "ከለመድሽው ቤት ይሻላል" ትላለች። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ። "ቢስሚላህ በይና ጠጪ፣ አብሽሪ፣ ደም ይተካልሻል።" ሻል ሲለኝ "አየሽ፣ ወተቱ ነው!" ሲብስብኝ "አንሶሽ ነው፣ ጨምሪ!"

ቤታችን ተበጠበጠ። "ብስክሌቱ ነው የሰበራት" አለ አባቴ። "አንተ ሁለት ቀን ቤት ውለህ ሐኪም ሆንክ?" አለችው እማ። ከዚያ ለሳምንት ተኳረፉ። አንድ ገበታ ቀርበው አባቴ "እናትሽን ጨው ታቀብለኝ በያት" ይለኛል፤ ጨው ያለው እሷ እጅ ሥር ነው። እኔ ዳሌዬን ይዤ መልእክተኛ ሆንኩ። ሌሊት ደግሞ በላብ ተጠምቄ ስነቃ ጣሪያውን እያየሁ፣ "በሃያ ዓመቴ እንደ አሮጊት በከዘራ ልሄድ ነው?" እላለሁ። ለማንም አልነገርኩም።

መስከረም ላይ አሰልጣኝ ኪሮስ ራሳቸው ቤት መጡ። ሁለት ወሩ አልፎ ነበር። ወንበር ብንሰጣቸውም አልተቀመጡም።

"ሰዓዳ፣ ሕጉ..."

"አውቃለሁ፣ አሰልጣኝ። ይውሰዱት።"

ጎማውን ነፍቼ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብቼ ነው ያስረከብኩት። በሩ እስኪዘጋ አላለቀስኩም። ከተዘጋ በኋላ ግን ጎረቤት ሰው የሞተብን መስሎት መጣ።

ኅዳር ላይ እማ አንድ ደንበኛዋ የጠቆመቻትን ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። መጠበቂያው ሞልቷል። ቁጭ ማለት እንዳቃተኝ ያዩ ሦስት ሴቶች፣ አንዷ የራጅ ፖስታዋን እንደታቀፈች፣ ተነስተው ወንበሮቻቸውን ገጥመው አስተኙኝ። ሁለት ሰዓት ቆሙልኝ። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ ይቆጨኛል።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ፌስታሉን ስዘረግፍላት እጇን ላዩ ላይ አደረገች።

"ይሄን ለጊዜው ተዪው። ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ብስክሌት እነዳለሁ። እነዳ ነበር።"

"መንገድ ላይ ምን ትበያለሽ? ምን ትጠጫለሽ?"

እማ ኮራ ብላ ከኔ ቀደመች። "ወተት ነው እንጂ! ጥሬውን፣ ከላሟ እንደወረደ። አሁንም አላቋረጥኩባትም።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ላሞቹ ጽንስ ጥለው ያውቃሉ?"

እማና እኔ ተያየን። ላም የለንም። አደይ ምሕረት ጋ ስልክ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። "እወ፣ ጓለይ" አሉ፣ አዎ ልጄ ማለታቸው ነው። "በጾሙ ሰሞን ሁለቱ ጥለዋል። ምነው?"

ዶክተሯ የምርመራ ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች።

ስሙ ብሩሴሎሲስ ይባላል። ላሞችን የሚያስወርድ በሽታ ነው፤ ወደ ሰው በጥሬ ወተት ይገባል። ትኩሳቱ ይሄዳል ይመጣል፣ ወገብና ዳሌ ላይ ይሰፍራል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ማንም ስላልጠረጠረ እንጂ ማንም ሊያገኘው ይችል ነበር። የኔም ደም ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ተናገረ። "ይድናል" አለች ዶክተሯ። ያቺን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

እማ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። "እኔ ነኝ ያጠጣሁሽ። በዚህ እጄ። ሲብስብሽ ጨመርኩልሽ!"

"እማ፣ አላወቅሽም።"

"ወላሂ ለጉልበት ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ተነሺ፣ ሰው እያየን ነው" አልኳትና እጇን ይዤ አነሳኋት። በሽተኛዋ እኔ፣ አንሺም እኔ።

አባቴ ከመንገድ ሲመለስ ሁሉንም ነገርነው። ጢሙን ጎተተ። "ስለዚህ ብስክሌቱ አይደለም?" "አይደለም።" "እንግዲህ ይቅርታ ልጠይቀው" አለ። እማ ሳቀች፤ ኩርፊያው በዚያው አለቀ።

ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት። አንደኛው ሽንትን ብርቱካን ያስመስላል፤ ዶክተሯ ባትነግረኝ ኖሮ በድንጋጤ እሞት ነበር። ለሳንባ ነቀርሳም የሚሰጥ ስለሆነ አንዷ ጎረቤት ሳጥኑን አይታ ሰፈሩን አዳረሰችው፤ ብርጭቆ የለዩብኝ ሰዎች አሉ። ይለዩ። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ጠፋ፣ ዳሌዬ ተፈታ፣ ኪኒኑን ልጥለው ቃጣኝ። ስሙኝ፤ አትጣሉት። ሻል ሲላችሁ ያቋረጣችሁት ቀን ተመልሶ ይመጣል። ለተብርሃን ማታ ማታ እየመጣች ከንፈሬን እያየች ታስውጠኝ ነበር። "አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ። ሂጂ አሁን ተኚ።"

አደይ ምሕረትን ማንም አልወቀሳቸውም፤ እሳቸውም እንደኛው አላወቁም። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ላሞቹን መረመረ፣ የታመሙት ተለዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቡን ይዞ የኖረው የልጃቸው ባልም ተመርምሮ እንደኔው ታከመ። አሰልጣኝ ኪሮስ አሁን መዞሪያው ላይ ራሳቸው ምድጃው አጠገብ ቆመው ወተቱ ገንፍሎ እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ለተብርሃን አትምራቸውም፤ "አሰልጣኝ፣ ለየትኛዋ አራስ ነው?" ትላቸዋለች። አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ።

ጥር ላይ ክለቡ ሄድኩ። የኔ ብስክሌት ሌላ ልጅ ጋ ነው፤ ለኔ የደረሰኝ ማንም የማይፈልገው፣ እንደ በር የሚከብድ አሮጌ ነበር። ያዝኩት። የመጀመሪያ ቀን ከከተማ መውጫውን ዳገት ግማሹን እንኳ አልወጣሁም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ሰደብኩ። በነጋታው ስወጣ ከኋላዬ አይሱዙ አለ። አባቴ ነው። መብራቱን እያብለጨለጨ፣ በአንደኛ ማርሽ እያጓራ፣ ከኋላው የተሰለፈውን ሲኖ ሁሉ አግዶ ይከተለኛል። ሹፌሮቹ ጡሩንባ ያቀልጡታል። እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ይህቺ ጥይት የኔ ልጅ ናት! ቆዩ!" ይላል። ጭነት በሌለው ጠዋት ሁሉ እንዲህ አደረገ። በሚያዝያ ዳገቱን ሳልቆም ወጣሁት።

ግንቦት ላይ ለጣሊያኑ ጉዞ የምርጫ ውድድር ሆነ፣ ሁለት ቦታ፣ ዘጠኝ ልጆች። ለተብርሃን አንደኛ፣ እኔ በግማሽ ጎማ ልዩነት ሁለተኛ። ድሮ እኮ እኔ ነበርኩ ጥያት የምሄደው! አሰልጣኝ ኪሮስ ጀርባዬን መታ አድርገው ዞር አሉ፤ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ግን አይቻቸዋለሁ።

እንደገና ጣሊያን፣ የወሩ የመጨረሻ እሑድ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብረቱን አልፈን መንገዱ ላይ ገባን። ጭጋጉ ገና ከቦዩ ላይ አልተነሳም፤ ረጃጅሞቹ ዛፎች ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ስድስት ነን። ሃያኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጭጋጉ ተገለጠ፣ አርባኛው ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ተራዬ ደረሰና ፊት ወጣሁ።

ዳሌዬን ጠበቅኩት። ምንም። እንደገና ጠበቅኩት፤ ምንም። እግሮቼ የኔ ናቸው። ደረቴን መሪው ላይ ጣልኩና መታሁት። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፣ ውሃው በቀኜ ወደኋላ ይሮጣል፣ አንዲት መኪና የለም፣ አንድ ጡሩንባ የለም፣ መንገዱ እስከ ሰማዩ ጫፍ የኔ ነው። ተራ መለወጫው አለፈ፤ አልለቀቅኩም። አምስት ኪሎ ሜትር። ስምንት። ሲኞራ ሊና ከኋላ "ሰዓዳ፣ ባስታ!" ብላ ጮኸች። "አይሰማኝም!" አልኩ በአማርኛ። ለተብርሃን ከኋላዬ እያለከለከች ሳቀች፤ "ተዉአት፣ የሰባት ወር ዕዳ ላይ ናት!"

ከዚያ ቦዩ ሰፋ፣ ዛፎቹ ወደኋላ ቀሩ፣ መንገዱም ወንዙ ላይ አለቀ። ፖ ቡናማ ነው፣ ግዙፍ ነው፣ የሚሄድ አይመስልም፣ ግን ይሄዳል። ሁሉም ሣሩ ላይ ተዘረጉ። እኔ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ።

"እማ፣ ደረስኩ።"

"የት?"

"ወንዙ። መንገዱ ያለቀበት።"

"አልሐምዱሊላህ! ዳሌሽስ?"

"የቱ ዳሌ?"

"ተይ፣ አትቀልጂብኝ። አሁን በምን ትመለሳላችሁ? መኪና መጣላችሁ?"

"እማ፣ እዚህ መንገድ ላይ መኪና አይገባም።"

ሰባ ኪሎ ሜትሩን በልቧ እየለካችው እንደሆነ ገባኝ።

"እና?"

"እናማ እየተመለስኩ ነው" አልኳት፤ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ኮርቻው ላይ ወጣሁ። ነፋሱ አሁን ከኋላዬ ነበር።